ቴምቢሳ የጮኸችው የሲሸልስ ጉጉት

ባለቤቴ ኤርጎጌ በኮሮና ታማ ሆስፒታል በገባች ሰሞን፣ ልጄ ፀሎት ቤታችን ውስጥ ጉጉት ታስጮህ ነበር። በላፕቶፕ ነው። ዩኒቨርሲቲው ተዘግቶ ትምህርቱ ኦንላይን ስለሆነ፣ ከሱቃችን ጀርባ ባለችው ክፍል ተቀምጣ የአንዲት ሚጢጢ ወፍ ድምፅ ስታዳምጥ ትውላለች። ዶክተር ትሆናለች ብዬ ደቡብ አፍሪካ፣ ቴምቢሳ ውስጥ ስፓዛ የሚሉትን ትንሽ ሱቅ ከፍቼ ያስተማርኳት ልጅ ናት፤ እሷ ግን የወፍ ትምህርት መረጠች።

እኔ ጌታን የተቀበልኩ ሰው ነኝ። ጉጉት ስለጮኸ ሰው አይሞትም ብዬ ሆሳዕና ሳለሁ ከገዛ አባቴ ጋር ተጣልቻለሁ። አሁን ግን ግራ ገባኝ። ሟርት ነው እንዳልል አማኝ ነኝ፤ ምንም አይደል እንዳልል ሚስቴ ናት፣ ያለችውም ኦክስጅን ላይ ነው። ደግሞ ድምፁ የተቀዳው ድሮ፣ ሲሸልስ በሚባል አገር፣ አንዲት ደሴት ተራራ ላይ ነው። ታዲያ ሟርት ከሆነስ የማን ሟርት ነው? የተቀዳ ጉጉት ይቆጠራል? ፓስተራችንን ልጠይቅ ስልክ አንስቼ አፍሬ መለስኩት።

አንድ ቀን ዳቦ ልትገዛ የመጣች ጎጎ፣ ዙሉ አሮጊት፣ ድምፁን ከጓዳ ሰማችና ምንድን ነው አለችኝ። እንደ ሞኝ እውነቱን ነገርኳት። ዳቦውን ባንኮኒው ላይ ትታ ሄደች። ጉጉት በመፍራት ዙሉና ሀድያ ዘመዳሞች መሆናችንን ያን ቀን ተረዳሁ።

ጓዳ ገብቼ ፀሎትን ተቆጣኋት። እናትሽ እስክትመጣ ዝጊው፣ ካልሆነም ማዳመጫ አድርጊ አልኳት።

«አባ፣ ማዳመጫ ካደረግኩ ሆስፒታል ሲደውል አልሰማም» አለችኝ።

ወደ ሱቁ ተመለስኩ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ስልኩ ጠራ። ሄዶ መጠየቅ ተከልክሎ ስለነበር፣ ነርሷ ስልኩን ለኤርጎጌ ጆሮዋ ላይ ይዛላት ነው። ድምፅዋ ቀጥኗል። ገና ሰላም ሳንባባል ከጓዳ ያ ነገር ጀመረ።

«የምን ድምፅ ነው?» አለች።

ጉጉት ናት ልበላት? እሷም እንደኔ ሆሳዕና ያደገች ናት። የወፏ ጩኸት እንጨት በመጋዝ ሲቆረጥ ይመስላልና፣ «ጎረቤት ነው፣ ሳንቃ እየቆረጠ» አልኳት።

 ያን ሰሞን ሰፈራችን ውስጥ ሳንቃ የሚቆረጠው ለሬሳ ሣጥን እንደነበር ትዝ ያለኝ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ከድጡ ወደ ማጡ።

«የፀሎት አባት፣ ስትዋሽ አውቅሃለሁ» አለች። «ሣጥኑ የኔ ነው እንዴ? ዶክተሮቹ ነገሩህ?»

 ማንም ምንም እንዳልነገረኝ፣ ድምፁ የልጇ ጉጉት እንደሆነ ነገርኳት። እንዳትፈራ ብዬ ፀሎት የለፈለፈችልኝን ሁሉ ለፈለፍኩላት። ከጭብጥ የማትበልጥ፣ እግሯ ላባ የሌለው፣ ጥንዚዛና እንሽላሊት የምትበላ ወፍ እንደሆነች፣ የምትጥለው አንዲት እንቁላል እንደሆነ፣ ከዚያች ደሴት ጫካ በቀር የትም እንደማትገኝ። ጠፍታለች ተብሎ ዓመታት ካለፉ በኋላ እዚያው ጫካ ውስጥ መገኘቷን። ወንዱ ሲጠራ ሴቷ እንደምትመልስለት።

ኤርጎጌ ለረጅም ጊዜ ስትተነፍስ ሰማኋት።

«አሁን መለሰችለት?» አለች።

አላወቅሁም። ለእኔ ሁሉም መጋዝ ነው። ጓዳ ገብቼ ስልኩን ላፕቶፑ አጠገብ አስቀመጥኩት፤ ፀሎት እጄን ያዘችኝ። ወፉ ይጠራል፣ ያቆማል፣ ይጠራል። ከስልኩ በኩል ምንም አይሰማም። ያን ጊዜ ፍርሃቴን መደበቅ አልቻልኩም።

«ኤርጌ፣ አለሽ?» አልኩ።

 ፀሎት እጄን አጥብቃ ጨበጠች።

«አለሁ» አለች። «ዝም በልማ፣ እየሰማሁ ነው።»