የትውልድ ዘመን የሚሞላበት ወረቀት

እኔ የክሊኒኩ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነኝ። ባለፈው ሳምንት የሰው የግል መረጃ እንዴት እንደሚያዝ ሊያሠለጥኑን ሰበሰቡን። አሠልጣኟ ስታስፈራራን አረፈደች፤ የበሽተኛ ካርድ ጠረጴዛ ላይ ረስቶ የሄደ ሰው ከነዘር ማንዘሩ የሚታሰር እስኪመስለን ድረስ።

በመጨረሻ ስም፣ ስልክና የትውልድ ዘመን የሚሞላበት አንድ የአቴንዳንስ ወረቀት አዞረች። ወረቀቱ አጠገቤ የተቀመጠችው ጸሐፊያችን እታለም ጋ ሲደርስ ፊቷ አመድ መሰለ። እታለም “ሠላሳ ስምንት ዓመቴ ነው” ማለት ከጀመረች ወዲህ እኔ ሁለት ልጅ ወልጄ አስመርቄያለሁ። ከእሷ ቀጥሎ የሚሞላው ደግሞ ልቧ የከጀለው ፋርማሲስት ነው።

“አንተ ቀባጣሪ፣ ዛሬ እንኳ ለቁም ነገር ቀባጥርልኝ!” ብላ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ተነሣሁ። “እህቴ፣ ዕድሜያችን ለምን ተፈለገ? ሊድሩን ነው? ደግሞስ አንዱ የሌላውን እያነበበ!”

ሳቁ ጣሪያውን አንድ ስንዝር አንሥቶ መለሰው ብል አታምኑኝም። አሠልጣኟ አፍራ ወረቀቱን ቀደደችው። “ልክ ነህ፤ ስም ብቻ ይበቃል” አለች።

የእታለም ነፍስ ተመለሰች። ፋርማሲስቱ ግን “አንተ የማትረባ! ስልኳን ልገለብጥ ስንት ሰዓት ተራዬን ስጠብቅ!” ብሎ አንሾካሾከብኝ። ሹክሹክታው ሦስት ሰፈር ተሻግሮ ተሰምቷል።

“አፍ የለህም? አትጠይቀኝም?” አለችው እታለም፤ እስክሪብቶ አውጥታም ቁጥሯን መዳፉ ላይ ጻፈችለት።

አሠልጣኟ አጨበጨበች። “አያችሁ? መረጃ እንዲህ ባለቤቱ ሲፈቅድ ነው የሚሰጠው!”

“ቀስ በይ እህቴ፣” አልኳት፣ “ገና ባለቤቷ አልሆነም!”