በር ተዘግቶ የምትጠራዋ የፀሐይ እመቤት

መጋቢት በገባ በሁለተኛው ቅዳሜ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ እትዬ ሚርያም ሳሎን ውስጥ አምስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛዋ የቤቱ ባለቤት እትዬ ሚርያም ናቸው። ሁለተኛው የጸሎት ኅብረታቸው መሪ ጋሽ ላጲሶ፣ ሦስተኛዋ የዚያው ኅብረት አባልና የባንክ ሠራተኛ የሆነችው ሊሊ ናት። አራተኛዋን፣ የፊት ለፊት ጎረቤታቸውን ሀቢባን፣ ማንም አልጠራትም። በር ላይ የተደረደረውን ጫማ አይታ ለቅሶ መስሏት ፊቷን አጥቁራ ገባች። ማንም እንዳልሞተ ሲነገራት ግን አልወጣችም፤ እንግዲያው ሌላ ወሬ አለ ብላ የሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

አምስተኛው ታዴዎስ ነው። የተሰበሰቡት በእሱ ምክንያት ቢሆንም እሱ አያውቅም። ጉርድ ሾላ ከሚሠራበት ፎቶ ኮፒ ቤት ተመልሶ፣ እንደ ልማዱ ግድግዳውን ታክኮ ወደተከራየው ክፍል ሊገባ ሲል፣ እትዬ ሚርያም ጠሩትና አረፍ እንዲል ነገሩት። የተዘጋጀለት ወንበር መሀል ላይ ለብቻው ቆሟል። ታዴዎስ ደግሞ ሰው መሀል መቀመጥ ቀርቶ ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ማለት የሚያሳፍረው፣ ብዙ ጊዜም መውረጃውን አልፎ በእግሩ የሚመለስ ልጅ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታዴዎስ ልብ ወለድ ይጽፋል። ይህን የሚያውቅ አንድም ሰው የለም። ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ ስላቆመ ስሕተት ይፈራል፤ ስለዚህ አንድን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብሎ ሦስት ጊዜ ሳይለውና ጆሮው ሳይቀበለው ደብተሩ ላይ አያሰፍረውም። ገርጂ ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ክፍል ሲጋራ በነበረበት ጊዜ ይህን ማድረግ ስላልቻለ አንዲት ገጽ እንኳ አልጻፈም። ለብቻው የሚዘጋው በር ያለው ክፍል ለማግኘት አራት ወር ተንከራተተ። እዚህ ከገባ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይሄድ እየጻፈ ሠላሳ ገጽ ወጣለት።

የልብ ወለዱን ዋና ሴት ያገኛት ሥራ ቦታው ነው። አንድ መምህር ስለ ጥንት የድንጋይ ላይ ጽሑፎች የሚያወራ ጥራዝ እንዲባዛ ትቶ ሄደ። ታዴዎስ ከማሽኑ የሚወጣውን ሁሉ ማንበብ ይወዳል። ክርስትና ሳይገባ በሰሜን በኩል ይመለኩ ከነበሩት አማልክት አንዷን እዚያ ላይ አገኛት። ዛተ ባዕዳን ትባላለች፤ የሩቋ ማለት ነው ይላል ጥራዙ፤ ሊቃውንትም የፀሐይ አምላክ ሳትሆን አትቀርም ብለው ይገምታሉ። ታዴዎስ ማሽኑ ወረቀት ጨርሶ እስኪጮህ ድረስ እንደቆመ ቀረ። የልብ ወለዴ ሴት ግርማዋን ከዚህች ትወርሳለች ሲልም ወሰነ።

እትዬ ሚርያም ይህን ከየት ይወቁት? እሳቸው የሚሰሙት በየማለዳው ከተዘጋ በር ኋላ አንድ ልጅ "የፀሐይ እመቤት ሆይ፣ ደጅሽ ቆሜያለሁ፤ ፊትሽን አታዙሪብኝ" ሲል ነው። ያውም ሦስት ጊዜ እየደጋገመ። የመጀመሪያውን ሳምንት ጾሙ። በሁለተኛው በሩን ዘይት ቀቡ። በሦስተኛው ለጋሽ ላጲሶ ነገሩ። ልጁ ይጸለይለት፣ እምቢ ካለ ግን በወሩ መጨረሻ ክፍሉን ይልቀቅ ተባባሉ።

ጋሽ ላጲሶ ይህንኑ በለሰለሰ ድምፅ ካስረዱት በኋላ፣ "ማንን ነው የምትጠራት ልጄ? አትፍራ" አሉት።

ታዴዎስ ወንበሩን ከመሀል ወደ ግድግዳው ሳብ አደረገ። ጆሮው ድረስ ጋለ።

"ጋሼ፣ ጋኔኑ ዓይናፋር ነው መሰለኝ" አለች ሊሊ።

እትዬ ሚርያም ገላመጧት። ሀቢባ ለልጁ ውሃ እንዲሰጡት ጠየቀች። እሱ ግን ተነሥቶ ወደ ክፍሉ ገባ። ልብሱን ሊሸክፍ መስሏቸው ሁሉም ደነገጡ። ሰማያዊ ደብተር ይዞ ተመለሰና ለጋሽ ላጲሶ ዘረጋላቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን እንዳልያዙ ተናግረው ራሱ እንዲያነበው አዘዙት።

አቀርቅሮ፣ በሚቆራረጥ ድምፅ አነበበ። ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ የምትሠራ አንዲት ሴት አለች። ስታልፍ መንገዱ ይበራል። አይደክማትም፣ አያልባትም፣ አይርባትም። አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ይወዳታል፤ ከዕለታት አንድ ቀን ድፍረት አግኝቶ ከግቢዋ በር ላይ ቆሞ ይለምናታል። ታዴዎስ "የፀሐይ እመቤት ሆይ" ከሚለው ሲደርስ ድምፁ መቆራረጡን ተወ፤ ያን ዓረፍተ ነገር አፉ ለምዶታል።

እስከ መጨረሻው አነበበው።

"ይሄማ ሴት እየለመነ ነው" አለች ሊሊ።

"ታዲያ ከፈተችለት?" አለች ሀቢባ።

ታዴዎስ እሱ ገና እንዳልተጻፈ ነገራት። ያን ጊዜ ሴቶቹ እየተሻሙ መናገር ጀመሩ። ሊሊ የምትሠራበት ባንክ ኦሎምፒያ መሆኑን ገልጻ፣ በታክሲ ተጋፍታ ቢሮ ስትደርስ ምንም የሚያበራ ነገር እንደማይተርፋት፣ እንዲያውም ጫማዋን ጠረጴዛ ሥር አውልቃ እንደምትውል ተናገረች። ሀቢባ ሴትዮዋ ውሃ በጠፋ ቀን ሁለት ጀሪካን ይዛ አራተኛ ፎቅ ትውጣና አለማላቧን ያን ጊዜ እንይ አለች። እትዬ ሚርያምም ሳይታወቃቸው ገቡበት፤ የማይርባትን ሴት ሐኪም ቤት ይወስዷታል እንጂ ደጇ ቆመው አይለምኗትም አሉ።

ሦስቱም ሳቁ፤ ጋሽ ላጲሶ ግን አልሳቁም። በምድር ላይ ይህ ሁሉ ሴት እያለ ስለ ምን ጣዖት እንደመረጠ ጠየቁት።

ታዴዎስ ወለሉን እያየ መለሰ። "ጋሼ፣ እኔ ሴት የማውቀው ከሩቅ ነው። መታወቂያቸውን ኮፒ ሳደርግላቸው እንኳ ቀና ብዬ አላያቸውም። እሷ የሩቋ ትባላለች ሲል ሳነብ፣ የማውቃት መሰለኝ።"



ጋሽ ላጲሶ ጢማቸውን አሻሹ። ልጁ ክፉ እንዳልሆነ፣ እሳቸውም እንደማይጠሉት ነገሩት። ያቺን አውጥቶ ከመጽሐፍ ቅዱስ አንዷን ደግ ሴት በቦታዋ ቢያስገባ ክፍሉ የእሱ መሆኑን አስታወቁት። ታዴዎስ በዓይነ ኅሊናው ገርጂን፣ ጎን ለጎን የተነጠፉትን ሦስት ፍራሾች አየ። ራሱን ብቻ ቢነቀንቅ ነገሩ ያልቃል፤ ዕድሜውን ሙሉ ሲነቀንቅ ኖሯል።

"አይሆንም ጋሼ" አለ። "ይድከማት፣ ያልባት፣ ይራባት፤ እሱን እጽፋለሁ። የሩቋ ግን እሷ ናት። እሷ ከወጣች መጽሐፉ የለም። ክፍሉን እለቃለሁ።"

ለትልቅ ሰው አይሆንም ሲል ይህ የመጀመሪያው ነበር። ከዚህ በኋላ ምን እንደሚደረግ ስላላወቀ ደብተሩን ደረቱ ላይ አጣብቆ ቆመ።

እትዬ ሚርያም ከደብተሩ ወደ ክፍሉ በር ዞሩ።

"እኔን ያስፈራኝ ስሟ አይደለም፣ በሩ ነው" አሉ። "ዘግተህ አትጥራት። እዚሁ ሳሎን ተቀምጠህ ጥራት፣ እኛም እንስማ። ደግሞ ያ ጥበቃ ደጅ እንደቆመ የትም አትሄድም።"

ጋሽ ላጲሶ ነገሩ ከእጃቸው መውጣቱን ተረዱ፤ ያም ሆኖ ለጸሎት ብለው መጥተው ሳይጸልዩ እንደማይሄዱ አስታወቁ። እጃቸውን በታዴዎስ ራስ ላይ ጭነው ለጸሓፊው ጥበብ፣ ለሴትዮዋ ማስተዋል እንዲሰጥ ለመኑ። ለጥበቃው ሲደርሱ ትንሽ አመነቱና ለእሱም ጸለዩለት። ሁሉም አሜን አሉ፤ ሀቢባም በራሷ አሚን።

ታዴዎስ ክፍሉን አልለቀቀም። ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛውን ወደ ሳሎን አወጣ፤ በሚቀጥለው ቅዳሜም ሁለተኛውን ምዕራፍ ለአራቱም አነበበላቸው።