የልብስ ሰፊዋ ፀሐይ

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ልብስ ሰፊዋም ከሁለቱ አትሻልም ነበር። ዕድሜዋን ሙሉ ከሕንጻው ምድር ቤት፣ አምፖል ሥር ስትቀድና ስትሰፋ ስለኖረች፣ ሐኪሙ ደሟን አስመርምሮ «ቫይታሚን ዲዎ በጣም ዝቅ ብሏል፤ ኪኒን ይውሰዱ፣ ፀሐይም ያግኝዎ» ሲላት አልገረማትም። እሱ ግን በዚያ አላበቃም።

«እንደ እርስዎ ስኳር ያለበት ሰው ቫይታሚን ዲም ሲያንሰው፣ ልቡን ታሞ ብዙ ጊዜ እናገኘዋለን። መንስኤው እሱ ይሁን አይሁን ገና አልተረጋገጠም። የእርስዎ ልብ ግን ይመርመር።»

እሷ የያዘችው ፀሐይ የሚለውን ብቻ ነው።

«ልቤን ማን ነክቶት!» አለቻት አብራት ለሄደችው ምራቷ። «ለልጄ ትንፍሽ ብትዪ ውርድ ከራሴ!»

ምራቷ ለማንም አልተናገረችም። ዝም ማለት ልማዷ ነው፤ አማቲቱም «ዱዳዋ» ብላ ስም አውጥታላታለች።

ከዚያ ወዲህ ልብስ ሰፊዋ በየጠዋቱ ከሕንጻው አናት ሰገነት ላይ ካለው ወንበሯ አትታጣም። ዛሬ ግን ደረጃው አልገፋ አላት። በየፎቁ ቆማ እያለከለከች ስትደርስ ምራቷ ልብስ ታሰጣለች።

«እማማ፣ ምነው ፊትዎ አመድ መሰለ?»

«ዛሬ ደግሞ አፍ አወጣሽ? ልብስሽን አስጪ!»

ቁጭ እንዳለች ላብ አጠመቃት። መንጋጋዋን የሆነ ነገር እንደ ካውያ ተጫናት። ስኳሬ ወርዶ ነው ብላ ከሽርጧ ኪስ ከረሜላ አወጣች። በእነሱ ቤት፣ እሷን ላብ ከያዛት ከረሜላ ነው፤ ሌላ ሕግ የለም።

ምራቷ እጇን ያዘቻት። «መጀመሪያ እንለካው።»

ከሽርጡ ኪስ የስኳር መለኪያዋን አወጣች፤ ጣቷን ወግታ ደሙን አስነካችው። ቁጥሩን አነበበች።

«ስኳርዎ ደህና ነው።»

«እንግዲያው ያላበኝ ፀሐዩ ነዋ።»

«የቱ ፀሐይ?»

ቀና አለች። ሰማዩ እንደ ድስት ቂጥ ጠቁሯል፤ የተሰጣውን አንሶላ ነፋስ ያላጋዋል።

«ክንድዎንስ ለምን ያሻሉ?»

«መቀስ ነዋ! ስቀድ የምውል ሰው አይደለሁም?»

«መቀስ የሚይዙት በቀኝ ነው። የሚያሹት ግራዎን ነው።»

ያቺ ምላሰኛ ወርጄ ልተኛ ብላ ልትነሣ ስትል ምራቷ ትከሻዋን ጫን አድርጋ አስቀመጠቻት። «አንድ ደረጃ አይወርዱም!» ስልኳን አውጥታ አምቡላንስ ጠራች፤ ሐኪሙ ያለውንም፣ አማቷ አልመረመርም ማለቷንም ዘረገፈችው።

«አፍሽን ያዢ ብዬሽ አልነበር?» ድምፅዋ ክር አክሏል።

«ይዤው አይደል እዚህ የደረስነው!»

የአምቡላንሱ ሰዎች ደርሰው ደረቷ ላይ ሽቦ ለጠፉ። አንደኛው ከመሣሪያው የወጣውን ወረቀት አይቶ «ልባቸው ነው፤ በጊዜ ጠራችሁን። ከነወንበራቸው እናውርዳቸው» አለ።

«ሬሳ ነኝ እንዴ? በእግሬ እወርዳለሁ!» ሕንጻው ሙሉ ደንበኛዋ ነው፤ በየበሩ ቆሞ ሊያያት ነው።

ምራቷ ጆሮዋ ሥር ጎንበስ አለች። «እማማ፣ በሞቴ። የሚሰድበኝ ሰው እንዳላጣ።»

አሮጊቷ አፍጥጣ አየቻት። ከዚያ «በሉ አንሡኝ» አለች።

በየፎቁ በር ተከፈተ፤ አንገት ሰገገ።

«ምን ታፈጣላችሁ? ሱሪያችሁ ነገ አይደርስም!»

ከዚያ በኋላ መናገር አቃታት። የምራቷን እጅ ግን አምቡላንሱ ውስጥ እስኪያስገቧት ድረስ ጨምድዳ ይዛ ነበር፤ ከገባችም በኋላ አለቀቀችውም።