ገጽ 143 ላይ የጎደሉት ሁለት መስመሮች

የመጽሐፌ መግቢያ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር አለ፤ «በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የኮድ መስመር ኮምፒውተር ላይ ሠርቶ ታይቷል» ይላል። ቦስተን ያለችው አርታኢዬ ዴልፊን ትንሽ ለዘብ እናድርገው ብላኝ ነበር።

«ለምን? ውሸት ነው?» አልኳት።

«ውሸት አይደለም። ግን እንዲህ ብሎ የጻፈ ሰው ላይ ሁሉም ማጉሊያ መነጽር ይዞ ነው የሚመጣው።»

«ይምጣ።»

ያን ዓረፍተ ነገር የጻፍኩት ለጉራ ብቻ አይደለም። ጉራም አለበት፤ አልዋሽም። ግን ምክንያት ነበረኝ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ አንድ አይብ ፋብሪካ ማሸጊያ ክፍል ውስጥ እሠራ ነበር። በምሳ ሰዓት ከላይብረሪ የተዋስኩትን የፕሮግራም መጽሐፍ አነባለሁ፤ ቤት ስገባ ደግሞ ምሳሌዎቹን በእናቴ አሮጌ ላፕቶፕ ላይ ፊደል በፊደል እገለብጣለሁ። አንዱ አልሠራ አለኝ። አንድ ወር ሙሉ። የምጠይቀው ሰው አልነበረኝም፤ ቢኖርም አልጠይቅም ነበር፤ እንደዚያ ነኝ። የታተመ ነገር ይሳሳታል ብሎ ማን ያስባል? ጭንቅላቴ ለዚህ አልተፈጠረም ብዬ ደመደምኩ። ከወር በኋላ ነው ስህተቱ የኅትመት መሆኑን የደረስኩበት፤ አንዲት ምልክት ቀርታ ነበር። መጽሐፉን ግድግዳ ላይ ወረወርኩት፤ የላይብረሪ መሆኑ ትዝ ሲለኝ አንስቼ ጠረግኩት።

ከዚያ ወዲህ ዲፕሎማ ሳይኖረኝ ማዲሰን ውስጥ ጌም የሚሠራ ድርጅት ገባሁ፤ ዲፕሎማ ያላቸውን ሰዎች ሥራ ማረም ጀመርኩ። ስለ ጌም ኢንጂን፣ ማለትም ከሥዕሉና ከሙዚቃው ሥር ሆኖ ጨዋታውን ስለሚያንቀሳቅሰው ክፍል፣ መጽሐፍ ልጽፍ ስነሳ የጻፍኩት ለዚያች የአይብ ፋብሪካ ልጅ ነው። የሚጠይቀው ሰው ለሌለው። አራት ዓመት ፈጀብኝ።

ኮዱን መጽሐፉ ላይ በእጄ አልገለበጥኩም። እጅ ይሳሳታል። አንድ አነስተኛ ፕሮግራም ጻፍኩ፤ «ከዚህ ፋይል ከመስመር 14 እስከ 31» ስለው ከሚሠራው ኮድ ላይ ቆርጦ አምጥቶ ገጹ ላይ ያስቀምጥልኛል። በዚህ ፕሮግራም ከመጽሐፉ በላይ እኮራ ነበር።

ረቂቁን እንዲገመግምልኝ የሰጠሁት ለሌስተር ዎይቺክ ነው። ጡረታ እስኪወጣ ሠላሳ ዓመት ኢንጂን ሲጽፍ የኖረ፣ ከሥራ ባልደረቦቼ ሁሉ የምፈራው ብቸኛው ሰው። ሰባት መቶውን ገጽ በእርሳስ አርሞ መለሰልኝ። ከላይ አንዲት ብጣሽ ወረቀት ነበረች፤ «በቁጥር አትጥሪያቸው። ቁጥር ይንሸራተታል። እያንዳንዱ ቁራጭ ላይ ስም ለጥፊና በስሙ ጥሪው» ትላለች።

ደወልኩለት። «ሌስተር፣ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ቁራጭ ነው ያለው። ሁሉንም ክርስትና ላስነሳልህ?»

«የክርስትና አባት እሆናለሁ» አለ።

«ፋይሎቹ ተቆልፈዋል እኮ። ማንም አይነካቸውም። ማን ሊያንሸራትታቸው ነው?»

«አንቺ።»

«እኔ?»

«ሌላ ማን አለ? ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ነው።»

«አንተ ስለምትረሳ ነው እኮ ያየኸው ነገር ላይ ሁሉ ስም የምትለጥፈው» አልኩት። ሳቀ። ስለ ድምፅ የሚያወራው ምዕራፍ ውስጥ ያሉትን ሦስት ምሳሌዎች ጽፎ የሰጠኝ እሱ ነበር፤ ስም ለጥፎባቸው ነው የላካቸው። መንቀሉ ስለሰለቸኝ እንዳሉ ተውኳቸው፤ ፕሮግራሜም እነሱን ብቻ በስማቸው ይጠራቸው ነበር።

ጥር ላይ፣ አንድ ሰኞ፣ ዴልፊን ጻፈችልኝ። የአሳታሚው ጠበቃ በእያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ የመብት ማስታወቂያ ይግባ ብሏል፤ አንዲት መስመር ናት፤ መጽሐፉ ከሰዓት በኋላ ወደ ማተሚያ ቤት ይሄዳል።

አንዲት መስመር። ለዓይን እንዲያምር ከሥሯ አንድ ባዶ መስመር የጨመርኩት እኔ ነኝ። እንዲህ ያለውን ማስታወሻ ኮምፒውተሩ አያነበውም፤ ዘሎት ያልፋል። ስለዚህ ኮድ ከተቆለፈ በኋላ ማስታወሻ መጨመር እኛ ዘንድ መንካት አይባልም። በአንድ ትእዛዝ ሁሉም ፋይሎች አናት ላይ አስገባሁት፤ አራት ሰከንድ ፈጀ። ሙከራዎቹን በሙሉ አስኬድኩ፤ አንድም የወደቀ የለም። መጽሐፉን በፕሮግራሜ እንደገና አጠናቀርኩት፤ የገጹ ብዛት ያው ነው። ከመላኬ በፊት አንድ ሰዓት ሙሉ ያፈጠጥኩት ሽፋኑ ላይ ያለው ስሜ ላይ ነው። ግሬታ ኑትሰን። ልክ ነበር።

ለደራሲ የሚሰጡት ሃያ ቅጂዎች በየካቲት አንድ ሐሙስ ጠዋት መጡ፤ መጽሐፉ ገበያ ላይ ሊውል አምስት ቀን ሲቀረው። ሳጥኑን በረንዳው ላይ፣ በረዶው መሀል ጥለውት ሄደው ነበር። ወለሉ ላይ ተቀምጬ ከፈትኩት። ቀለሙን አሸተትኩት። ከዚያ በቀጥታ ወደምወደው ገጽ ሄድኩ፤ ገጽ 143፣ የጨዋታው ዋና ዙር፣ በሰከንድ ስልሳ ጊዜ የሚዞረው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት መስመሮች የሌላ ኮድ ጭራ ነበሩ። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የሉም።

ምን እንደተፈጠረ ለማወቅ ትንፋሽ የሚሳብበትን ያህል ጊዜ እንኳ አልወሰደብኝም። አናት ላይ ሁለት መስመር ጨመርኩ፤ ሁሉም ወደ ታች ሁለት ወረደ፤ ፕሮግራሜ ግን ያንኑ አሮጌ ቁጥር ይዞ ሄዶ፣ የታዘዘውን ቆርጦ አመጣ። ገጽ ገለበጥኩ። 144፣ 151፣ 160። እያንዳንዱ ምሳሌ አናቱ ላይ ትርፍ አለው፤ እግሩ ተቆርጧል። እርሳስ አነሳሁና ከመጀመሪያው ጀምሬ ቆጠርኩ። ከሁለት መቶ አሥራ ሁለቱ ደህና የወጡት ሦስት ናቸው። የሌስተር ሦስት።

ከሁሉም የከፋው ግን 143 ነው። ከጎደሉት ሁለት መስመሮች አንዱ መዝጊያ ቅንፍ ነው፤ እሱን አንባቢው ራሱ ይሞላዋል። ሌላው የተሠራበትን ጊዜ ከቀሪው ጊዜ ላይ የሚቀንሰው ነው። እሱ ከሌለ ጊዜው አያልቅም፤ ዙሩ ማቆሚያ የለውም። ኮምፒውተሩ ስህተት አለ ብሎ እንኳ አይናገርም። ዝም ብሎ ይደርቃል።

ለዴልፊን ደወልኩ።

«የትኛው ገጽ ነው?» አለች።

«ሁሉም።»

«ሁሉም ስትዪ…»

«ሁሉም ስል ሁሉም ማለቴ ነው፣ ዴልፊን። ሦስት ተርፈዋል።»

ወንበሯ ሲንቋቋ ሰማሁ።

«ማተሚያውን አስቁሚልኝ» አልኩ።

«ማተሚያው ሥራውን ከጨረሰ ሳምንት አለፈው።»

«እሺ፣ መጋዘኑን።»

«ከመጋዘን ሰኞ ወጥቷል። ሦስት ሺህ ቅጂ መንገድ ላይ ነው፤ ግማሹ መደብር ደርሷል።»

«መኪናውን አስቁሚዋ።»

«የትኛውን መኪና፣ ግሬታ?»

ጥሩ ሰው ናት፤ ጩኸት ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። የኤሌክትሮኒኩን ቅጂ እስከ ማክሰኞ እናስተካክላለን አለችኝ። ለወረቀቱ ድረ ገጻችን ላይ የእርማት ገጽ እናወጣለን፤ የእርማት ገጽ የሌለው የቴክኒክ መጽሐፍ የለም፤ ሁለተኛ ኅትመት ካለ ደግሞ ያኔ ይታረማል።

«ካለ?»

«ካለ» አለች ቀስ ብላ።

«የእርማት ገጹ አድራሻ መጽሐፉ ውስጥ አለ አይደል?»

«የለም። ይቅር ያልሽው አንቺ ነሽ።»

እውነቷን ነው። የሚሠራ ኮድ ምን እርማት ያስፈልገዋል ብዬ ነበር።

በየካቲት ሌስተር የሚገኝበት ቦታ አንድ ነው፤ ሐይቁ መሀል፣ በረዶው ላይ በተከላት የጣውላ ጎጆ ውስጥ፣ ዓሣ የሚያጠምድበት ቀዳዳ አጠገብ። መጽሐፉን ብብቴ ሥር ይዤ ገባሁ። አንድ ባልዲ ገልብጦ «ተቀመጪ፤ ብርዱን አታስገቢብኝ» አለ።

«መጽሐፉን አየኸው?»

«ትናንት ደረሰኝ።»

«እና?»

«ሽፋኑ ያምራል።»

«ሌስተር።»

«የድምፁ ምዕራፍም ጥሩ ወጥቷል።»

ቀዳዳው ጠቦ ነው እንጂ ገፍትሬ እከተው ነበር። «በለው እንግዲህ» አልኩት።

«ምን ልበል?»

«ነግሬሽ ነበር በል። ይቀለኛል።»

«አይቀልሽም» አለና ክሩን ወደ ላይ ትንሽ ሳበው። ምንም አልነበረበትም። «በዘጠና አንድ የሠራሁት አንድ ጌም አለ። ስድስተኛው ደረጃ ላይ ያለው በር አይከፈትም። ቁልፉን አግኝተሽ ይዘሽ ብትሄጂም አይከፈትም። ያኔ በካሴት ነበር የሚሸጠው፤ ከወጣ ወጣ።»

«ምን አደረግክ?»

«ምን አደርጋለሁ? አሁንም አይከፈትም።»

«ሰዎቹስ?»

«አንዳንዶቹ ደብዳቤ ጻፉ። በሩ የተበላሸው በእኛ ጥፋት ነው ብዬ መለስኩላቸው።»

«ያልጻፉትስ?»

ክሩን መልሶ ወደ ውኃው ለቀቀው። «እነሱንማ በምን አውቃቸዋለሁ» አለ።

በሦስት ቀን ውስጥ ሁለት መቶ ዘጠኙን ቁራጭ ክርስትና አነሳኋቸው። የኤሌክትሮኒኩ ቅጂ ታረመ። ማክሰኞ መጽሐፉ ወጣ። ቢሮ የመጽሐፉ ሥዕል ያለበት ኬክ ጠበቀኝ፤ ኤሊስ የሚባለው ባልደረባዬ፣ የት ዩኒቨርሲቲ ነው የተማርሽው ብሎ በየዓመቱ ጠይቆኝ መልሱን የሚረሳው፣ ገጽ 143ን ራሱ በክሬም አስጽፎበታል። እንዳለ። ሁለቱ መስመሮች የሉም። ስድስት ኢንጂነሮች ዙሪያውን ቆመው አጨበጨቡ፤ አንዳቸውም አላዩም። ለእነሱ ማንም አይጨነቅ፤ ቢጎድልም ሳያስቡት ይሞሉታል።

«ቁረጪ እንጂ፤ ወይስ እሱንም ከየትኛው መስመር እስከ የትኛው እንደሆነ እንንገርሽ?» አለ ኤሊስ። ስለ ፕሮግራሜ ያወራሁለትን አልረሳም። ከታች በኩል ቆረጥኩት።

እናቴ ደወለች። አምስት ገዝታ፣ እስካሁን በምትሠራበት በዚያው የአይብ ፋብሪካ ምሳ ክፍል መደርደሪያ ላይ አስቀምጣለች።

«እማ፣ መልሺያቸው። የተሳሳተ ነገር አለባቸው።»

«ምኑ? ስምሽ እንደሆነ ልክ ነው።»

«ውስጡ ነው።»

«ውስጡን እኔ በምን አውቄ። ሁለቱን እኮ ወስደዋቸዋል።»

«እነማን?»

«እኔ እንጃ ልጄ፤ አዲስ የገቡ ልጆች ይሆናሉ። ሳይጠይቁኝ ነው የወሰዱት።»

ቤቴ ባሉት ሃያ ቅጂዎች ላይ ሁለቱን መስመሮች በእጄ ጻፍኩ። በጥቁር ቀለም፣ ቀጥ አድርጌ። ሃያ።

በዘጠነኛው ቀን ከሰሜን ዳኮታ ኢሜይል መጣልኝ። ዊሎው ትባላለች፤ የከባድ መኪና ሾፌሮች የሚያርፉበት ቦታ ገንዘብ ተቀባይ ነች።

«መጽሐፍዎን ያገኘሁት ወጥቶ በሁለተኛው ቀን ነው። ገጽ 143ን ዘጠኝ ጊዜ ገለበጥኩት። ቅንፍ የጎደለ መስሎኝ ጨመርኩ፤ ከዚያ ኮምፒውተሬ ይደርቃል። መግቢያው ላይ ሁሉም መስመር ሠርቶ ታይቷል ስላሉ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ላስቸግርዎ አልፈልግም። ለዚህ ነገር አልተፈጠርኩም መሰለኝ። መጽሐፉን የሚገባው ሰው ያግኘው ብዬ ለከተማችን ላይብረሪ ሰጥቼዋለሁ። የድምፁ ምዕራፍ ግን ሠርቶልኛል፤ ስለሱ ላመሰግንዎ ነው የጻፍኩት።»

ወዲያው መለስኩላት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የጎደሉት እነዚህ ሁለት መስመሮች ናቸው፣ አንቺ ምንም አላጠፋሽም። ዝም። በማግስቱ እንደገና ጻፍኩ። ዝም። ስልኬን ሰጠኋት። እኔም በእሷ ቦታ ብሆን የደራሲዋን መልስ አልከፍትም ነበር፤ የሚያጽናኑኝ ነበር የሚመስለኝ።

በሦስተኛው ቀን፣ ሥራ ቦታ፣ ከኢሜይሏ ግርጌ የከተማዋን ስም አግኝቼ ላይብረሪው ጋ ደወልኩ። ስልኩን ያነሱት በድምፃቸው ጠና ያሉ ሴት ናቸው።

«አዎ፣ አለን። አሁን ግን ተበድሮ ወጥቷል» አሉኝ።

«ማን ነው የወሰደው?»

«እሱን መናገር አንችልም፣ የኔ እመቤት።»

«ደራሲዋ ነኝ።»

«እንኳን ደስ ያለሽ። ቢሆንም አንችልም።»

«እንዲደውልልኝ ቢነግሩልኝስ?»

«ማን ምን እንደሚያነብ አንከታተልም፤ ደውለንም አንጠይቅም። ሲመለስ ግን ከፈለግሽ ወረቀት ላስገባበት እችላለሁ።»

«መቼ ነው የሚመለሰው?»

«ሦስት ሳምንት ነው። ማራዘምም ይቻላል።»

እስክሪብቶ ይዘዋል ወይ አልኳቸው። ያዝኩ አሉ። ገጹን ነገርኳቸው፤ ከዚያ የመጀመሪያውን መስመር ምልክት በምልክት ማንበብ ጀመርኩ።

«ቀስ በይ» አሉኝ። «ከመቀነስ ምልክቱ ቀጥሎ ምን አልሽ?»

ከመቀነሱ ቀጥሎ ያለውን እንደገና ነገርኳቸው።