ባሕሩ ያልመለሰው ፈጠነ

የደጋ ሰው ከውሃ ጋር ፍቅር የለውም። ክንዱ ደግሞ የድብ ባሕር ሰው ነው፤ አገሩ በስሙ ባሕር ይባል እንጂ እሱ ከጉልበት ያለፈ ውሃ ገብቶ አያውቅም። ሐምሌ ላይ ጅረት ሲሻገር እንኳ የበቅሎ ጭራ ይይዛል። ይኸው ሰው ነው እንግዲህ፣ ጣሊያን ከወጣ በአሥራ አምስት ዓመቱ፣ ጎርጎራ ላይ የብረት ጋን አዝሎ ጣና ሊገባ የተነሳው! ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም።

ጋኑ የሙሴ ካርል ነው። ሙሴ ካርል ጎንደር ተቀምጦ የጣናን ዓሣ የሚያጠና ፈረንጅ ሲሆን ክንዱ ማኪናውን ይነዳለታል። ፈረንጁ አየር የታጨቀበትን ጋን አዝሎ ውሃ ውስጥ ሲሰወር ክንዱ ዳር ቆሞ ያማትብ ነበር። ዛሬ ግን ሙሴ ካርል ጆሮው መግል ይዞ መግባት አልቻለም። ውሃው ውስጥ ያለው ደግሞ ፈጠነ ነው፤ የክንዱ እኅት የወለላ ባል።

ፈጠነ የወፍጮ ድንጋይ በታንኳ እያሻገረ ይኖር የነበረ ሸጋ ሰው ነው። አንድ ልጃቸውን ንዳድ ከወሰደባቸው ወዲህ ቃል ከአፉ ጠፍቶ ከረመ። አንድ ጧት ወጣ፤ ታንኳው ባዶውን ሲንሳፈፍ ተገኘ። የሰመጠ ሰው ሰንብቶ እንደሚንሳፈፍ ባሕር ዳር ያደገ ሁሉ ያውቃል። ፈጠነ ግን አልተንሳፈፈም፤ የተነሳው ሐሜቱ ነው። «ምነው ባሕሩ ያዘው?» ይባባሉ ጀመር።

የደብሩ አለቃ አባ ሐብተ ማርያም ለወለላ ቁርጡን ነገሯት። «ልጄ፣ ሬሳውን ሳላይ አልፈታም። በገዛ እጁ ለጠፋ ሰው ፍትሐት የለም፤ ከቤተ ክርስቲያን አጥርም አይገባ።»

ወለላ ወንድሟ እግር ላይ ወደቀች። «ከልጁ አጠገብ ካልተቀበረ እኔንም አትቅበሩኝ! አንተ ታውቅበታለህ፣ ከፈረንጁ ጋር ትውላለህ፣ አምጣልኝ!»

ምን ያውቅበታል! ተሸክሞ ማመላለስ ነው የሚያውቀው። ግን እኅት ናት፤ እሺ አለ።

ቀዛፊው አያ ነጋ ሬሳውን ሲፈልጉበት የነበረው መንጠቆ ቁራጭ ሸማ ይዞ የወጣበት ቦታ ላይ ታንኳውን አቆሙ። ሙሴ ካርል የእርሳስ ቀበቶ አስታጠቀው፣ የመስተዋት ጭንብል ፊቱ ላይ አጠለቀለትና የመተንፈሻውን ጎማ አጎረሰው። «ተንፍስ። ሁልጊዜ ተንፍስ» አለው በሰባራ አማርኛው።

«አይዞህ ክንዱ፣ የደገኛ ሥጋ ለዓሣ አይጣፍጥም!» አሉ አያ ነጋ።

ውሃው ፊቱን ሲከድነው ክንዱ ጠበል እንደሚጠመቅ ሰው አፉን ገጥሞ ትንፋሹን ያዘ። ልማድ ነው፤ ጠበል ሥር ማን ይተነፍሳል? ደረቱ ሊፈነዳ ሲል እየተንፈራገጠ ወጣ። ታንኳውን ሙጭጭ ብሎ ይዞ «አልችልም! በማርያም፣ አልችልም!» አለ። ሙሴ ካርል ወደ ዳር አመለከተው። ወለላ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ቆማለች። ክንዱ ጎማውን መልሶ ጎረሰ።

በዚህኛው ጊዜ ተነፈሰ። ሬሳው የሚሳብበት ገመድ ይዞ ወረደ፤ ውሃው ቡናማ ነው፣ የራሱ እጅ አይታየውም፤ የገዛ ትንፋሹ እንደ ወናፍ ይጮህበታል። ጆሮውን ወጋው። እግሩ ጭቃ ነካ። በዳበሳ ሄደና ሸማ ጨበጠ፤ ከሸማው ውስጥ ክንድ።

ጎተተው፤ አልመጣም። ወደ ታች ሲዳብስ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ገመድ አገኘ፤ በገመዱ ጫፍ የወፍጮ ድንጋይ። ቋጠሮውን በጣቱ አወቀው። ሁለት ዞሮ ወደ ውስጥ የሚገባ፣ ፈጠነ ጭነት የሚያስርበት፣ ሌላ ሰው የማያስርበት ቋጠሮ ነው። እንግዲህ ሌላ ማን ያስረው!

ክንዱ ተናደደ። ምነው ብትነግረኝ፣ ምነው አንድ ቀን እንኳ ብታለቅስብኝ፣ እያለ በልቡ ጮኸበት። ጭንብሉ ውስጥ እንባው ሞላ።

የፈረንጁ ቢላ ቀበቶው ላይ አለ። ግን ከድንጋዩ በኩል ቢቆርጥለት ገመዱ እግሩ ላይ ይቀራል፤ እግሩ ላይ ቢቆርጥ ያበጠውን ሥጋ ይቀደዋል፤ ያን ጊዜ አባ ምን ይላሉ? ቢላውን ተወና በጥፍሩ ገባበት። አየሩ እየከበደ ሲመጣ፣ ጎማው የጠበበ ሲመስለው፣ ወደ ላይ መሮጥ አማረው። አልሮጠም። አንዱ ዙር ላላ፤ ሁለተኛው ተከተለ። የእግሩን ገመድ ከነድንጋዩ ጭቃ ውስጥ ረግጦ ቀበረው።

በገመድ ተስቦ የወጣው ሬሳ ዳር ላይ በሸማ ተሸፈነ። ልቅሶው ቀለጠ። አባ ሐብተ ማርያም ለቀስተኛውን ገፋ አድርገው ቀረቡ።

«ክንዱ፣ ምን ይዞት ነበር?»

«ሣር ነው፣ አባ። የባሕር ሣር ተጠምጥሞበት።»

አባ መስቀላቸውን ዘረጉለት። ክንዱ ተሳለመውና «ሣር ነው» ብሎ ደገመ። እንዲህ ያለ ሐሰት በዕድሜው ተናግሮ አያውቅም።

ወለላ በእግሩ በኩል ተቀምጣ ሸማውን ገለጥ አደረገች። ቁርጭምጭሚቱን የዞረውን ሰርጓዳ መስመር አየች። ልቅሶዋ ተቋረጠ። ነጠላዋን ከላይዋ ገፍፋ ሁለቱን እግሮቹን አንድ ላይ ጠቀለለችና ጭኗ ላይ አቀፈቻቸው።

«እግሩን ማንም አይግለጥብኝ» አለች። «ይበርደዋል።»

አባ እሷን አዩ፤ ክንዱን አዩ። በኋላ ፊታቸውን ወደ ወንዶቹ አዙረው፣ «ምን ቆማችሁ ታዩኛላችሁ?» ብለው ተቆጡ። «ሂዱ ከልጁ አጠገብ ቆፍሩ!»