ዜናና ዕድል

«ኧረ ባካችሁ፣ ለቅሶ ቤት እኮ ነው!» አሉ የእድሩ ዳኛ አቶ አስማማው። ይህን ሲሉ እሳቸውም ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ አፍነው ነበር።

ጥፋቱ ከሐሙሲት የመጡት የሟቹ የአካሉ አጎት ነው። አካሉ አንድ ጊዜ ለቅሶ ሊደርስ ሄዶ ድንኳን ተሳስቶ መግባቱን አወሩ። የማያውቀውን ሟች «እንደሱ ያለ ሰው ከእንግዲህ አይገኝም» ብሎ አመስግኖ፣ ንፍሮውን ዘግኖ፣ ሲወጣ ስህተቱን ቢነግሩት «ግድ የለም፣ የዚህኛውንም ነፍስ ይማር» ብሎ ወደ ትክክለኛው ድንኳን ተሻገረ። ይኸው ነው ወሬው። ባሕር ዳር፣ ዓባይ ማዶ የተተከለው ድንኳን ግን በዚህ ወሬ ሊፈርስ ደረሰ።

ከእናቷ ከእናትዓለም ጎን ፍራሽ ላይ የተቀመጠችው ትንቢትም ሳቀች። አባቷ ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ስትስቅ እንባዋ መጣ፤ እንባዋን ሳትጨርስ ደግሞ ያ የድንኳኑ ነገር ትዝ አላትና መልሳ ሳቀች። እናትዓለም በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። የእሷም ትከሻ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በዚህ መሀል ሙሀመድሰዒድ ገቡ። የጣና ዳር የጀልባ ባለንብረቶች ማኅበር ሊቀመንበር ናቸው፤ አካሉ ከጡረታ በኋላም የማኅበሩን ኮምፒውተር የሚጠብቅላቸው ሰው ነበር። ለእናትዓለም «አላህ ያጽናሽ» ብለው ጥቂት ተቀመጡና ትንቢትን በዓይናቸው ጠቅሰው ወደ ውጭ ወጡ። እሷም ተከተለቻቸው። ከድንኳኑ ጀርባ አንድ ባጃጅ አጠገብ ቆሙ።

«በዚህ ሰዓት የማይባል ነገር ልልሽ ነው ልጄ፤ አፌን በቆረጠው።»

«ምንም አይደለም፣ ይበሉ ጋሽ ሙሀመድሰዒድ።»

«ያ የአባትሽ ሥራ ነው። ሰኞ ጠዋት ከአዲስ አበባ ሰዎች ይመጣሉ። አሮጌውን የኮምፒውተር መዝገብ አንስተን አዲስ እንተክልላችኋለን ይላሉ። እኔ እንኳ አልወደድሁትም። አዲሱ ለአንድ ጀልባ አንድ ባለቤት ብቻ ነው የሚቀበለው። የኔ ጀልባ የስንት ሰው እንደሆነች ታውቂያለሽ፤ የኔም፣ የእህቴ የነፊሳም፣ የዘጌው ቄስ የቄስ ወልደ ጻድቅም ናት። የሌሎቹ ስም የት ይግባ ብዬ ብጠይቅ ‹አስተያየት በሚለው ቦታ ይጻፋል› አሉኝ።» ድምፃቸው ከፍ አለ። «ነፊሳ አስተያየት ናት?»

ትንቢት ሳቋን ዋጠች። 

«አባትሽ ቢኖር እምቢ እል ነበር» አሉ ዝግ ብለው። «አሁን ግን የሚያውቀው የለም። እሱ ነበረ፣ አለዚያ አንቺ ነሽ።»

«እኔ አላውቀውም» አለች ትንቢት።

ውሸቷን ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። አባቷ ኮምፒውተር ማለት ቁም ሳጥን በሚያክልበት ዘመን፣ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ የተማረው ነገር ነው፤ መልቲቫልዩ ይባላል፣ የመረጃ ማስቀመጫ ዓይነት ነው። ዓለም ትቶት ወደ ሌላ ሲሄድ እሱ ግን አልተወውም። ምን እንደሆነ ስትጠይቀው ያስረዳት እራት ላይ ነበር። «የሌሎቹ እንደ ሆቴል ነው፤ ለያንዳንዱ ሰው ሳህን ሳህኑን ያቀርባሉ፤ ሳህኑ ላይ የሚያርፈውም አንድ እጅ ብቻ ነው። የኔ ገበታ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለትም እጅ ይምጣ፣ አምስትም ይምጣ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ ነው!» ይህን ሲል የእናትዓለምን ሥጋ ከፊቷ አንስቶ ጎረሰ። ትምህርቱ በጠብ አለቀ።

ቢሮው ሐይቁ ዳር፣ ጀልባዎቹ ከሚታሰሩበት አጠገብ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ እዚያ ትውላለች። እሱ ረጅም ስለነበር ወንበሩን እስከ መጨረሻው ከፍ አድርጎ ነው የሚቀመጥበት፤ እሷን እላዩ ላይ ሲያስቀምጣት እግሯ አየር ላይ ይንጠለጠላል። የጀልባዎቹን ስም እየጠራ ያስጽፋታል። አድጋ ኮምፒውተር ተምራ፣ ለሆቴሎች የስልክ መተግበሪያ መሥራት ከጀመረች ወዲህ ግን «የአባዬ ሙዚየም» እያለች ታበሽቀው ነበር። እሱም «ሙዚየምም እኮ ጠባቂ ይፈልጋል» ይላት ነበር።

ሙሀመድሰዒድ ሲሄዱ ባጃጁን ተደግፋ ቀረች። ሥራው ከብዷት አይደለም የዋሸችው። የፈራችው ያን ወንበር ነው። እሷ እዚያ ከተቀመጠች አባቷ በእውነት የለም ማለት ነው።

ሣልስቱ ቅዳሜ ዋለ። ካህናቱ ጸሎታቸውን አድርሰው ከሄዱ በኋላ፣ ከሰዓት፣ ጎረቤቱ ሁሉ በድንኳኑ ተሰብስቦ ሳለ ከቤት ውስጥ ደወል ተሰማ። የአካሉ ላፕቶፕ ነው። ትንቢት ሮጣ ገባችና ስክሪኑን አይታ ቀጥ አለች።

የማኅበሩ ስብሰባ ነው። ባለጀልባዎቹን ማለት አይደለም፤ የዚያ አሮጌ መልቲቫልዩ ወዳጆች በየአገሩ ተበታትነው አሉ፤ ከደቡብ አፍሪካ፣ ከስኮትላንድ፣ ከካናዳ፣ ከሌላም። በየወሩ በቪዲዮ ይገናኛሉ። አካሉ ያን ቀን ጢሙን ይላጫል፣ ከረቫት ያስራል፤ ከወገቡ በታች ግን ቁምጣ ነው። የእሱ ድርሻ መጨረሻ ላይ «ዜናና ዕድል» የሚለውን ማንበብ ነበር። ማን ጡረታ ወጣ፣ ማን አያት ሆነ፣ የማን ድርጅት ሠራተኛ ይፈልጋል፣ ማን አሮጌ ማሽን በነጻ ይሰጣል፤ ሁሉንም እንደ ሠርግ ጥሪ አሞቆ ያነበዋል። በየወሩም «አሁንም ወጣት እንፈልጋለን!» ብሎ ይጨርሳል። ይህን የሚለው ፊቱን ወደ ትንቢት ክፍል አዙሮ ነው። እሷም በሯን ትዘጋለች።

«ማነው?» አለች እናትዓለም ከኋላዋ።

«የአባዬ ፈረንጆች ናቸው። አልሰሙም እማዬ።»

«ታዲያ አስገቢያቸዋ! እንግዳ በር ላይ ይቆማል?»

«ኀዘንተኛ ሥራ አይነካም ትሉ የለ?»

«ይኼ ሥራ አይደለም» አሉ ከበሩ ሆነው የሰሙት አቶ አስማማው። «ማኅበርተኛው ከሆኑ ለቅሶ ሊደርሱ ይገባል። ወደ ድንኳን አምጫቸው።»

ላፕቶፑ ድንኳን ውስጥ አንድ ወንበር ተሰጠው። ስክሪኑ ላይ ሸበቶ ፊቶች በየመስኮታቸው ብቅ ብቅ አሉ። ሁሉም እየሳቁ «አካሉ!» አሉ። ከዚያ ጥቁር የለበሰውን ሕዝብ አዩ፤ ሳቃቸው ከየፊታቸው ጠፋ።

ትንቢት በእንግሊዝኛ ነገረቻቸው። ፈረንጆቹ በአንድ ላይ መናገር ጀመሩ፤ አንዱ ሌላውን አያሰማም፣ ስኮትላንዳዊው ድምፁን ዘግቶ አፉን ብቻ ያንቀሳቅሳል።

አቶ አስማማው እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ንገሪያቸው። እኛ አገር ለቅሶ የደረሰ ሰው መጀመሪያ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ወሬ በኋላ ይደርሳል።»

ነገረቻቸው። ሁሉም ዝም አሉ። አንዲት ሴትዮ መነጽሯን አወለቀች፤ ካናዳ ያለው ሰውዬ፣ ገና ማለዳው ነው መሰል፣ የሌሊት ልብሱን ቁልፍ ቆለፈ። ድንኳኑም አብሯቸው ዝም አለ። እናትዓለም ተነሥታ ንፍሮ በሳህን አመጣችና ላፕቶፑ ፊት አስቀመጠች። ሰው ሁሉ አያት፤ ማንም ግን አልሳቀም። ለቅሶ የመጣ ሰው ባዶውን አይቀመጥም።

መጀመሪያ የተናገረችው የስብሰባው መሪ ቤቨርሊ ናት፣ የደቡብ አፍሪካዋ። ትንቢት እያቋረጠች ተረጎመች። «ባለፈው ወር ማን ይተካሃል ብለን ጠየቅነው። ‹ልጄ ናት› አለ። እሷ እሺ ብላለች ወይ ስንለው ‹እሺ ብላለች፣ ለራሷ ገና አልነገረችም እንጂ› አለን።»

ድንኳኑ በሳቅ ፈነዳ። የሐሙሲቱ አጎት ጉልበታቸውን መቱ። ትንቢት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች፤ ከነጠላው ሥር ሳቅ ይሁን ልቅሶ አልታወቀም።

አቶ አስማማው ግን የእድር ሰው ናቸውና ሌላ ነገር አሳስቧቸዋል። «እስቲ ጠይቂልኝ። የእነሱ እድር አባል ሲሞት ምን ያደርጋል?»

ቤቨርሊ ግራ ገባት። ከሌሎቹ ጋር ተያየች። «ምንም። ስሙን ከአባላቱ ዝርዝር ላይ እንሰርዛለን።»

«ይሰርዛሉ?» አቶ አስማማው ደነገጡ። «እንዴት ያለ ነው! የእኛ እድር እኮ ሰው አይሰርዝም። አባወራው ቢሞት ቤቱ አለ፤ ሚስት ትቀጥላለች፣ ልጅ ይቀጥላል። ይህን ንገሪያቸው፤ እንዲያውቁት።»

ትንቢት ልትተረጉም አፏን ከፈተችና ቀና ብላ ድንኳኑን ቃኘች። ሙሀመድሰዒድ ከድንኳኑ ጥግ አንገታቸውን ደፍተው መቁጠሪያቸውን ይቆጥራሉ። ስክሪኑ ላይ ፊቶቹ ሁሉ ይጠብቋታል። የስብሰባው ሰዓት ማለቁ ነው፤ በዚህ ሰዓት ያነብ የነበረው አባቷ ነው። ማንም አልጠየቃትም። ፍርሃቱ እንዳለ ነው፤ ግን አባቷ በየወሩ ፊቱን ወደ በሯ አዙሮ ጠብቋታል፤ ከእንግዲህ በሯን ልትዘጋ አትችልም። 

ነጠላዋን አስተካክላ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች።

«ዜናና ዕድል» አለች በአማርኛ፤ ቀጥላ በእንግሊዝኛ፤ ድንኳኑም እንዲሰማ እንደገና በአማርኛ። «ዜና፤ አባላችን አካሉ ሐሙስ ተቀብሯል። ደህና አድርገን ቀብረነዋል፤ ሰዉ ብዙ ነበር፤ ሲስቅም ሲያለቅስም ነበር። ዕድል፤ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር፣ በጀልባ ማኅበር አንድ የሥራ ቦታ ተከፍቶ ነበር።» ወደ ሙሀመድሰዒድ ዘወር አለች። «ተይዟል።»

«አልሐምዱሊላህ!» አሉ ሙሀመድሰዒድ፣ ለቅሶ ቤት መሆኑን ረስተው። ፈረንጆቹ አጨበጨቡ። አቶ አስማማውም «ኧረ ባካችሁ» ሊሉ ጀምረው ተዉት።

ቤቨርሊ ትንቢት እንዳትሄድ እጇን አውለበለበች። «የመጨረሻዋን አላልሽም» አለቻት።

«አሁንም ወጣት እንፈልጋለን» አለች ትንቢት።

ሰኞ ማለዳ፣ የአዲስ አበባዎቹ ሰዎች ሳይደርሱ፣ ሙሀመድሰዒድ ቢሮውን ከፈቱላት። ሐይቁ ረግቷል፤ የዘጌዋ ጀልባ ሞተሯን አስነሥታ ተሳፋሪ ትጣራለች። ትንቢት ወንበሩ ላይ ወጣች። እግሯ ዛሬም መሬት አልነካም። ጥቂት እንዲያው ተንጠልጥላ ቆየች፤ ከዚያ ወንበሩን ወደ ራሷ ቁመት ዝቅ አደረገችው።

መጀመሪያ የሚከፈተው ገጽ ላይ «የዚህ ሥራ ጠባቂ» ይላል። ከሥሩ አካሉ የሚል ስም አለ።

«እንግዲህ ትሰርዢዋለሽ» አሉ ሙሀመድሰዒድ ቀስ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ ሐይቁ መልሰው።

«ለምን ብዬ ጋሽ ሙሀመድሰዒድ?» አለች። እንባዋ እየወረደ ፈገግ አለች። «የአባዬ እኮ ገበታ ነው።»

ጠቋሚውን ከአባቷ ስም መጨረሻ ላይ አሳረፈችና፣ እሱን ሳትነካ፣ እዚያው ቦታ ላይ ከጎኑ ጠጋ አድርጋ «ትንቢት» ብላ ጻፈች።