የሁለተኛው ማርሽ ጩኸት

ሞተሩ አይደለም፣ ሞተሩስ ምን በወጣው፣ ሣህሉ የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ ተክሎ እጀታውን ጆሮው ላይ ደግፎ ያዳምጣል፣ ጥቁሩ ጢስ ያልነደደ ናፍጣ ነው፣ የናፍጣ መርጫው ሲጠረግ ይጠፋል፣ ሹፌሩ ግን ከላይ ሆኖ ሞተሩ ነው አቦ ጉልበት የለውም እያለ ይለፈልፋል፣ ሹፌር ሁሉ ሞተሩ ነው ይላል፣ መኪናው ሲያረጅ ሁሉም ሐኪም ነው። ፍሪሲዮን ርገጥ፣ ይለዋል ሣህሉ። አንደኛ አስገባ። ልቀቅ። የኋላ ጎማዎቹ በክሪክ እንደተነሱ አየር ላይ ይሽከረከራሉ። አሁን ሁለተኛ።

ሁለተኛው ሲገባ የማርሽ ሳጥኑ፣ ካምቢዮው፣ ይጮሃል፣ ከታች ጎርነን ብሎ ይነሳና ወደ ላይ እየቀጠነ ይሄዳል፣ እንደ አልቃሽ። ሣህሉ ካቻቢቴውን ከብረቱ ያነሳል። ይሄን ድምፅ ያውቀዋል። ስድስት ዓመት በድሬ ያለፈውን መኪና ሁሉ ጆሮውን አቁሞ ሲሰማ የኖረው ይሄን ሲፈልግ ነው።

በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ ግንቦት ላይ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ከተማው በሩን ዘግቶ በርጫው ላይ የተቀመጠበት ሰዓት፣ ታላቅ ወንድሙ ወልደጻድቅ ከምድር ባቡር ገና መግባቱ ነው፣ ሁለት ጉርሻ አልጎረሰም፣ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች፣ ለአምስት ደቂቃ ትፈለጋለህ፣ እማ ምሳዬን ክደኝልኝ መጣሁ፣ ውጭ የጭነት መኪናው ሞተሩን አላጠፋም፣ ሹፌሩ ክንዱን በመስኮት ጥሎ ጫቱን ይቀነጥሳል፣ የወርቅ ጥርሱ ፀሐይ ላይ ብልጭ ይላል፣ ከዚያ የለገሃሬ ኩርባ ላይ ሁለተኛ ማርሽ፣ ያ ጩኸት፣ አለቀ። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም። እናታቸው አስካለማርያም ምሳውን ከደነች፣ እስከ ዛሬ በየቀኑ ትከድናለች፣ የወሰደው መኪና ይመልሰዋል፣ ድምፁን አልረሳውም ትላለች።

ሣህሉ ቀና ይላል። ያው የወርቅ ጥርስ እላዩ ላይ ይስቃል። ሹፌሩ ነጋ እባላለሁ ብሎ ነበር ጧት፣ ስድስት ዓመት አሰብ መስመር ላይ ከረምኩ፣ ይቺም እኔም አረጀን፣ ከእንግዲህ ድሬ ውስጥ ነው የምሠራው አቦ። ሣህሉን አላወቀውም። ያን ቀን በራፉ ላይ የቆመውን ልጅ ማን አይቶት።

ምኗ ነው ታዲያ? ይላል ነጋ። ሣህሉ ጋቢና ይገባል፣ የማርሽ ዘንጉ በካላማዳሪ ጎማ ቁራጭ ከወንበሩ ጋር ታስሯል፣ ገባው፣ ሁለተኛው ማርሽ ቁልቁለት ላይ ወደ ዜሮ እያመለጠ ሲያስቸግረው ይሄ ጅል በጎማ አስሮ ሲነዳ ኖሯል፣ ማርሹን የሚይዘው ሞላ ሞቷል። ጩኸቱ የማርሹ ጥርስ ተበልቶ ነው፣ ጩኸት ሰው አይገድልም። ሞላው ግን ይገድላል። ደንገጎ ቁልቁለት ላይ፣ ጭነት ይዞ፣ ጎማው ብጥስ ሲል፣ ፍሬን ብቻውን የት ይደርሳል። ምንም ማድረግ አያስፈልግም እኮ። መርጫውን ጠርጎ ጢሱን አጥፍቶ ጨርሻለሁ ሂድ ማለት ነው። ቂም ይዞ ጸሎት ሳል ይዞ ስርቆት ይላሉ፣ ጸሎቱን ማን ፈለገው፣ ቂሙ ብቻውን ይበቃል።

ግን የጋራዡ ደንብ ደንብ ነው፣ መካኒክ ደንገጎን አብሮ ወጥቶ ካልወረደ ወረቀቱ ላይ አይፈርምም። መርጫው ተጠርጎ ይወጣሉ። ጫፍ ደርሰው ይዞራሉ። ቁልቁለቱ ላይ ነጋ ዘንጉን ያሰረበትን ጎማ ይፈታዋል፣ አንተ ያዝልኝ እስኪ አቦ፣ ድምፁን በደንብ ስማው፣ እና ዘንጉ የሣህሉ መዳፍ ውስጥ ይገባል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ልውጣ ልውጣ ይላል፣ ከታች ገደሉ፣ ክፈት ጣትህን፣ ክፈት ብቻ፣ አብረህ ብትሄድስ፣ ስድስት ዓመት ምን ኖርክና። ወልደጻድቅን ታስታውሰዋለህ? ይለዋል ነጋን።

ማን?

ወልደጻድቅ፣ የለገሃሬው፣ የምድር ባቡሩ፣ በሰባ ከምሳው ላይ ያነሳችሁት። ነጋ ዓይኑን ከመንገዱ አይነቅልም፣ ግንባሩን ቋጥሮ ያስባል፣ ከልቡ ያስባል፣ ኧረ ስንቱን ላስታውስ አቦ፣ ጫን ሲሉኝ የጫንኩት ስንት ነው፣ ማርሹን ያዝ እንጂ!

ይይዛል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ሲባል ሰምቷል፣ እንዲህ ጥርግ አድርጎ ይረሳል ብሎ ግን አላሰበም፣ አሁን ቢገድለው ለምን እንደሞተ እንኳ አያውቅ፣ የማያውቀው ሞት ምን ያረካል፣ አይሆንም፣ ይኑር፣ ይኑርና የረሳውን ከተማው ያስታውሰው። ታች ሲደርሱ ጣቶቹ ከዘንጉ አልላቀቅ ይሉታል።

ካምቢዮው ይወርዳል። ሣህሉ አዲስ ሞላ ያስገባል፣ አጥብቆ፣ አሳምሮ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጉሌድ ከወደቀ መኪና የወጣ ማርሽ አቅፎ ይመጣል፣ ዋሪያ ሣህሉ፣ ሁለተኛ ማርሽ ደህናው ይሄውልህ፣ ግጠመው፣ ጩኸት ጥፍት ይላል። አይገጥምም። ወላሂ ይገጥማል፣ ለክቼዋለሁ። አይገጥምም አልኩህ ጉሌድ። የተበላውን መልሶ ያስገባዋል፣ ይጩህ፣ ለገሃሬ ይስማው፣ ከዚራ ይስማው፣ ልጇ የተወሰደባት ሁሉ በሯን ከፍታ ይሄው መጣ ትበል፣ ነጋ ዳቦ ሊገዛ ሲቆም ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ይየው፣ ጧት ማታ፣ እድሜ ልኩን። ጩኸቱስ? ይላል ነጋ ቁልፉን እየተቀበለ። ጩኸቱ አይጎዳህም፣ አብሮህ ይኖራል።

ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። መንገዱ ጭር ብሏል። መኪናው ከበሩ ይወጣል፣ አንደኛ፣ የለገሃሬን ኩርባ ይይዛል፣ ሁለተኛ፣ ያ ጩኸት ይነሳል፣ ይቀጥናል፣ ሣህሉ ዓይኑን ጨፍኖ ደስታው አንጀቱ ድረስ ሲወርድለት ይሰማዋል፣ ሂድ፣ ጩህ፣ በየበሩ ጩህ፣ የመጀመሪያው በር፣ ኩርባው ላይ ያለው የመጀመሪያው በር፣

የእኛ ነው።

እማ ብቻዋን ናት። እማ ሰምታዋለች። ቁም ነጋ፣ ቁም፣ ልቀይርልህ፣ ሣህሉ ደህናውን ማርሽ ከጉሌድ ክንድ ነጥቆ ታቅፎ ይሮጣል፣ እሷ ግን ተነስታለች፣ ክዳኑን አንስታለች፣ ምሳውን እሳት ላይ ጥዳለች፣ በሩን ከፍታ ልጄ መጣህልኝ እያለች ነው።